የወፏ ቅጽ

መሥሪያ ቤቱ የቅርስ ጥገና ክፍሉን ለሕዝብ በከፈተበት ቀን፣ የሥራ ባልደረቦቿ “እጀ ወርቅ” የሚሏት ጠጋኝ እስከ ቀትር ድረስ አንዱን ውሸት አራት ጊዜ ተናገረች። ዓይኗን በጨው ታጥባ፣ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ፣ ፈገግ እያለች።

ውሸቱ ከአንድ ቤተሰብ ቤት ስለመጣውና ጠረጴዛው ላይ ስለተጋደመው የጣውላ ሥዕል ነው። ሥዕሉ ላይ ያለችው ሴት መዳፏን ዘርግታለች፤ መዳፏ ላይ ግን ከደበዘዘ ቀይ ነጠብጣብ በቀር ምንም የለም።

“እዚህ ጋ ወፍ ነበረች” ትላለች ጠጋኟ። “የቤቱ ሰዎች አቧራውን እናንሳ ብለው በእርጥብ ጨርቅ ሲወለውሏት በረረች።”

ጎብኚው ሁሉ ይስቃል። አለቃዋማ ቀልዱን ከመውደዱ የተነሳ በየዙሩ “የወፏን ንገሪያቸው እንጂ” እያለ ይጎተጉታታል። ለሕዝቡ ትምህርት ነው ባይ ነው።

እውነቱን ሆዷ ያውቃል። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ሥዕሉ ተጠቅልሎ ሲመጣ አዲስ ተቀጣሪ ነበረች። በሙያው ደንብ ማንኛውም ቅርስ ከመነካቱ በፊት ፎቶ ይነሳል፣ ያለበትም ጉዳት ቅጽ ላይ ይሰፍራል። ያን ዕለት ካሜራው ለሌላ ሥራ ወጥቷል፤ እሷ ደግሞ ትዕግሥት አልፈጠረባትም። ጫፏን ብቻ ልሞክር ብላ ጥጥ በማጽጃ ፈሳሽ ነክራ ወፏን አሸት አደረገቻት። ደንግጣ እጇን ብታነሳ፣ ወፏ ጥጡ ላይ ነበረች። ቅጹን የሞላችው ከዚያ በኋላ ነው፦ “ሲመጣ ወፏ የለችም፤ ቤት ውስጥ በእርጥብ ጨርቅ ተወልውሎ ሳይሆን አይቀርም።” ግልባጩ ለቤቱ አባወራ ተላከ። ማንም አልጠየቃትም፤ ይባስ ብሎ አጻጻፏ ተመሰገነ።

በአምስተኛው ዙር ከመጡት ጎብኚዎች መካከል ባርኔጣቸውን በእጃቸው የያዙ አንድ ሽማግሌ አልሳቁም። ሳቁ ሲበርድ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አሉ።

“ልጄ፣ የቤቱ ሰው እኔ ነኝ።”

ጠጋኟ እጇን ከጣውላው ላይ አነሳች።

“ለሕዝብ መከፈቱን በሬዲዮ ሰምቼ ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። ያኔ ሥራዬ ሌላ ከተማ ነበር፤ ጠቅልላ ያስረከበቻችሁ ባለቤቴ ናት። ደብዳቤያችሁ ሲደርሰኝ አፋጠጥኳት። ስጠቀልላት ወፏ ነበረች፣ ጨርቅም አላስነካኋት ብላ ማለችልኝ። የመንግሥት ወረቀት ይዋሻል እንዴ ብዬ ጮኽኩባት። ከዚያ ወዲህ እንግዳ በመጣ ቁጥር ወፍ አባራሪዋ እያልኩ እቀልድባታለሁ። ዛሬም አብረን መጥተን፣ እዚህስ አልገባም ብላ ታች አግዳሚ ላይ ቁጭ ብላለች።”

“አይዞዎት አባባ፣ ባለማወቅ የሚሆን ነው” አለ አለቃው።

“አዎ” ብትል ያበቃ ነበር። ስሟ፣ እንጀራዋ፣ ያ “እጀ ወርቅ” የሚባለው ነገር ሁሉ ባለበት ይረጋ ነበር። ግን ሽማግሌው ይቅርታ የሚጠብቁት ከእሷ ነው፤ እንደ ጥፋተኛ አንገታቸውን ደፍተዋል። ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

“አባባ፣ ባለቤትዎ እውነታቸውን ነው” አለች፤ ድምጿ የሌላ ሰው መሰላት። “ወፏን ያጠፋኋት እኔ ነኝ። ቅጹን የሞላሁት ካጠፋኋት በኋላ ነው።”

“ምን እያልሽ ነው አንቺ?” አለ አለቃው። ጎብኚዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ቅድም ሲስቁ የነበሩት አሁን እግራቸውን ያያሉ። ሽማግሌው ቢሰድቧት በተገላገለች። እሳቸው ግን ጣውላውን ትክ ብለው አዩትና፣ “ነዪ፣ ለእሷ ንገሪያት” አሉ። “እኔ በየትኛው አፌ?”

ደረጃው ጋ ሲደርሱ አንዳቸው ሌላቸውን አስቀደሙ፤ ቀድሞ የሚወርድ ጠፋ። በመጨረሻ ጎን ለጎን ወረዱ።

አሮጊቷ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ጠጋኟ ፊታቸው ቆማ አንድም ሳታስቀር ተናገረች፤ ቅጹን፣ ጥጡን፣ ዛሬ አምስት ጊዜ ያሳቀችውን ሰው ጭምር። አሮጊቷ እስክትጨርስ አዳመጧት፤ አልተቆጡም፣ አላለቀሱም። ከዚያ ዓይናቸውን ከእሷ አንስተው ባላቸው ላይ አሳረፉ።

“እሷስ አታውቀኝም” አሉ። “አንተስ?”