ጥርስ ያበቀለው መደብ

ኢኖባት ሠላሳ ዓመት ባቡር ላይ በተሳፋሪ አስተናጋጅነት ሠርታ ጡረታ በወጣች በሦስተኛው ሳምንት ዶማ ገዛች። የምትኖረው ኮካንድ ከተማ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ፣ ምድር ላይ ባለው ቤት ነው። መስኮቷ ሥር አሥራ ሁለት እርምጃ የሚረዝም የአትክልት መደብ አለ። አለ ለማለት እንኳ ድፍረት ይጠይቃል። ቤቱን ያደሰ ሁሉ ፍርስራሹን እዚያ ሲደፋ ኖሮ ክምሩ ከመስኮቷ ደፍ እኩል ደርሷል። በዚህ ጉዳይ ታዲያ የሕንጻው ነዋሪ አንድ ልብ ነው፤ ማንም አልደፋም። ጡቡም፣ የተሰበረው መታጠቢያ ገንዳም፣ የዛገው ቱቦም ከሌላ ሰፈር በእግሩ የመጣ ነው።

የፀደዩ በዓል ናውሩዝ ሊገባ ሲል መቆፈር ጀመረች። መጀመሪያ የወረደው ሁለተኛ ፎቅ የሚኖረው ዞኪር ነበር። ዞኪር ቤቱ ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይሠራል፤ ደንበኞቹ ሲመጡም ሲሄዱም አፋቸውን በመሐረብ ሸፍነው ነው። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ አጠገቧ ቆመ።

«ኦፓ፣ ምነው ወገብዎን ባይቆርጡ?» አላት። ሰፈሩ ሁሉ በታላቅ እህት ወግ ኦፓ ነው የሚላት፤ ታላቅ ወንድ ደግሞ አካ ይባላል። «የእኛ ሰው እኮ አይለወጥም። ዛሬ ያጸዱለትን ነገ ይደፋበታል። ንጽሕና የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።»

«እርስዎ አሉ አይደል፣ ዞኪር አካ? አካፋውን ይያዙልኝ።»

«የእኔ እጅ የረቂቅ ሥራ እጅ ነው» አለና ጣቶቹን አሳይቷት ወደ ሻዩ ተመለሰ።

ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ሳኖባር ደግሞ ከሰገነቷ ሆና የሱፍ ፍሬ ትፈለፍላለች። «ኦፓ፣ ወርቅ ካገኙ እኩል ነው» ትላለች፤ ገለባው ኢኖባት አናት ላይ ይወርዳል።

በአራተኛው ቀን ዶማው አንድ ነጭ ነገር አወጣ። ኢኖባት አንስታ አየችው፤ መንጋጋ ነው። ጠጋ ብላ ስታየው የጀሶ መንጋጋ ሆኖ አገኘችው፤ ጥርስ ከመሥራቱ በፊት ዞኪር የሰውን አፍ የሚለካበት። ሥሩ ሌላ አለ፤ ከሌላው ሥርም ሌላ። እስከ ማታ ኀምሳ ሦስት መንጋጋ ለቀመች። አንዱን ገልብጣ በአውራ ጣቷ ብታሸው፣ በእርሳስ የተጻፈ ስም ወጣ፦ «ሳኖባር፣ የላይኛው»።

ባቡር ላይ ተረስቶ የተገኘ ዕቃ አይጣልም፤ ባለቤቱ እስኪመጣ ተለይቶ ይቀመጣል። ኢኖባትም በለመደችው ሄደች። መንጋጋዎቹን በሣፋ አጥባ፣ መግቢያው አጠገብ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ስማቸው እንዲነበብ አድርጋ ደረደረቻቸው።

ጠዋት ሳኖባር በነጠላ ጫማ ወረደች። የራሷን ለየች፣ በሻሽዋ ጠቀለለች፣ ተመልሳ ወጣች። ከእሷ በኋላ አንድ በአንድ መጡ። የሰርግ ዘፋኙ መጣ፤ በውበቷ የተነሳ ሁለት ትዳር የፈረሰባት የፋርማሲዋ ሴት መጣች፤ አንዱ ሽማግሌ የሚስቱን ለመውሰድ መጥቶ የራሱንም አገኘ። ዞኪር በመጨረሻ በፓካውት ሮጦ ወረደ።

«ኦፓ፣ ይሄ እኮ የሕክምና ምስጢር ነው።»

«ምስጢር ከሆነ መስኮቴ ሥር ምን ይሠራል?»

«እኔ አልደፋሁትም። ሌባ ሰርቆኝ ይሆናል።»

«ሌባው ጀሶ ሰረቀ፤ ከዚያ ሁለት ፎቅ ወርዶ እዚሁ ቀበረው። ምን ዓይነት ደግ ሌባ ነው።»

ዞኪር ቀላ። «የእርስዎስ ቤት? የእርስዎ ቤት ታድሶ አያውቅም?»

«ታድሷል። ባለቤቴ ኤርጋሽ፣ አላህ ይዘንለትና፣ የወጥ ቤቱን አሮጌ ሴራሚክ በጋሪ አስጭኖ ከከተማ ውጪ ነው ያስደፋው። በዚህ ሕንጻ ውስጥ አንዲት ጠጠር ያልጣለ ቤት ቢኖር የእኔ ነው» አለች፤ በየሰገነቱ ላሉትም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

በማግሥቱ የሰፈሩ ሊቀመንበር ሙሂዲን መጣ፤ ራይስ ነው የሚሉት። ራይሱ በስድሳ ስድስት ዓመቱ፣ ሰርግ ቤት የአፕሪኮትን ጠንካራ ዘር በጥርሱ እየሰበረ ለወጣቶች ምክር የሚሰጥ ሰው ነው። ዘሩ አስቀድሞ ተሰንጥቆ የተቆላ መሆኑን ማንም ልብ ብሎለት አያውቅም።

«ይቺ ቦታ አስፋልት ልትለብስ ታቅዷል» አለ፣ ወረቀቱን ሳይዘረጋ። «ለመኪና ማቆሚያ። ለሕዝብ ጥቅም።» በሕንጻው ከእሱ በቀር መኪና ያለው ሰው የለም።

«ይሁን፣ ራይስ አካ። እስከዚያው ዕቃዎን ይውሰዱ» ብላ ኢኖባት ወደ ወጥ ቤቷ ገባች። ወንበሩ ላይ ያልደረደረችው አንድ መንጋጋ ነበር፤ በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችው። ራይሱ ጫፉን ገልጦ አየና ፈጥኖ ሸፈነው።

«አስፋልቱ...» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «አስፋልቱ ገና ጥናት ይፈልጋል።»

«ረጅም ነው ጥናቱ?»

«በጣም ረጅም።»

ኢኖባት ሁለት ሳምንት ብቻዋን ቆፈረች። ማንም አልረዳትም፤ ሰላምታም ቀንሷል። በደረጃው የሚያልፍ ሁሉ እሷ ዘንድ ሲደርስ ከንፈሩን ይገጥማል። እሷ ግን አንገቷን ቀና አድርጋ ነው የምትሠራው። ንጹሕ መሆን ደስ ይላል፤ በተለይ ብቻ ሲሆኑ።

ከጉልበቷ በላይ ስትጠልቅ ጥቁሩ አፈር መታየት ጀመረ። ከአፈሩ ላይ፣ ከሁሉም ነገር ሥር፣ አረንጓዴ ሴራሚክ ተነጥፏል። ቢጫ ሮማን የተሣለበት ነው። ለመለየት መጥረግ አላስፈለጋትም። ታሽከንት ሄዳ የመረጠችው፣ ከባቡር አልጋ ሥር ደብቃ ያመጣችው ራሷ ናት። ኤርጋሽ ሊያስደፋው በወጣ ቀን በሩብ ሰዓት ተመልሶ «ፈረሱ ፈጣን ነበር» እንዳላት ትዝ አላት። እሷም አምናው ሻይ ቀድታለት ነበር።

ጆሮዋ ጋለ። በእግሯ አፈር ገፋ አድርጋ የመጀመሪያውን ሸፈነችው። ዙሪያዋን አየች፤ ሳኖባር ሰገነት ላይ ፀጉሯን እያበጠረች ነው፣ ሌላ ሰው የለም። አንድ አካፋ አፈር ብትጨምርበት ያበቃል። ኢኖባት አካፋውን እንደያዘች ጥቂት ቆመች። ከዚያ የደበቀችውን መልሳ ገለጠች፤ ሴራሚኩን በጆንያ ሞልታ ጎተተችና የራሷ በር ላይ፣ ሁሉም በሚያልፍበት፣ አፉን ከፍታ አስቀመጠችው።

ዞኪር ሊወጣ ሲል ጆንያው ላይ አጎነበሰ።

«ይሄ ከሁሉም ሥር ነው የተገኘው፣ ኦፓ?»

«ከሁሉም ሥር።»

«እንግዲህ መጀመሪያ የደፋው...»

«አዎ፣ ኤርጋሽ ነው። መንገዱን ያሳየናችሁ እኛ ነን።»

ዞኪር ፊቱ በራ። ሽቅብ ሮጠ፤ ለሳኖባር ነገራት፤ ሳኖባር ለሦስቱ ፎቅ ነገረች። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ግን አሮጌ ሱሪ ለብሶ፣ አካፋ ይዞ ተመለሰ። እስከ ቀትር ሰባት ሰው ሆኑ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ወገቡን ያመመው ሁሉ ተፈወሰ። «ያ ቱቦ የእኔ ነው» ይላል አንዱ፤ «ገንዳውን ያስጣልኩት እኔ» ይላል ሌላው፤ ለመናዘዝ ተሻሙ። ኤርጋሽንም እንደዚያ ቀን ወደውት አያውቁም። ኢኖባት አንዳንዴ ተናደደች፣ አንዳንዴ ሳቋ አመለጣት። ራይሱ የጭነት መኪና ላከ፤ ራሱ ግን አልመጣም።

የሳኖባር ወንድም ከገጠር የበግ ፍግ አመጣ። ከዚያ ስለሚተከለው ነገር ሦስት ቀን ተጣሉ። ዞኪር ጽጌረዳ አለ፣ ሳኖባር ቃሪያ አለች። ኢኖባት አዳምጣ ስትጨርስ ቲማቲምና በሶብላ ተከለች፤ ለሳኖባርም ዳር ላይ አንድ መስመር ቃሪያ ሰጠቻት።

በመጀመሪያው ሳምንት ዞኪር ማንም ሳይጠይቀው ጠዋትና ማታ ውኃ ሲያጠጣ ስድስት የቲማቲም ችግኝ አሰጠመ። ኢኖባት ገበያ ሄዳ ሌላ ስድስት አመጣችና እጁ ላይ አኖረችለት።

«ይንበርከኩ» አለችው።

ተንበረከከ።

«ጠለቅ አድርገው። ሥሩን አይጭመቁት።»

«እያየሁ ነው፣ ኦፓ።»

«አያይም» አለች ሳኖባር ከላይ። «ኦፓ፣ ያቺን ሁለተኛዋን አጣሟታል። ያስነሱት።»