ልብሱን የተከለከለው ገጽ

ገጹ ራቁቱን ተከፈተ። ቀለም የለው፣ መልክ የለው፤ የክሊኒኩ አርማ ብቻ ስክሪኑን ሞልቶ ተገትሯል፣ ከሥሩ ጽሑፉ እንደ ፈረሰ ካብ ተዘርግፏል። ድረ ገጽ ሠሪዋ ክው አለች። የክሊኒኩ ባለቤት፣ ሐኪሟ፣ ታካሚዋን ሸኝታ ልታየው ትመጣለች። ይህ ሥራ በራሷ ስም የያዘችው የመጀመሪያዋ ነው፤ ካልተወደደላት ተመልሳ የታላቅ ወንድሟ፣ የወንድም ጋሼ፣ ረዳት ሆና መቅረቷ ነው።

ጥፋቱን ከራሷ ጀምራ ፈለገች፤ ልማዷ ነው። ለገጹ ቀለምና መልክ የሚሰጠውን የስታይል ፋይል ስም ፊደል በፊደል አየችው፣ ልክ ነው። ፋይሉን ከሌላ ቦታ የሚጠራው የኢምፖርት መስመር ከሌሎቹ ትእዛዞች በታች ከወረደ ብራውዘሩ አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል፤ እሱም ቢሆን ከላይ፣ ከቦታው ነው። ብራውዘሩ ያስቀረውን የቆየ ቅጂ አጠፋች። ገጹ ወይ ፍንክች!

ያ መስመር የሚጠራው የስታይል ፋይል የተቀመጠው በወንድም ጋሼ ሰርቨር ላይ ነው። ሙያውን ያስተማራት እሱ፣ "ፋይሉ እኔ ጋ ይቀመጥ፤ አንቺ በአንድ መስመር ጥሪው" ያላትም እሱ። ቀለሙን መርጣ፣ ክፍተቱን ለክታ እያንዳንዱን ነገር የጻፈችው ግን እሷ ናት። ከወንድም ምን ይደበቃል ብላ ቅጂ እንኳ አላስቀረችም። ሰው ያመነ ጉም የዘገነ ሲባል ሰምታለች፤ ወንድምንም የሚጨምር አልመሰላትም ነበር።

የስህተት መልእክቱን ከፈተች። ፋይሉ አለ፤ ለዚህ ገጽ ግን ተከልክሏል ይላል። ሰርቨሩ ላይ አደጋ የደረሰ መስሏት፣ ለእሱው ደንግጣ ደወለች።

"ወንድም ጋሼ፣ ሰርቨርህ ምን ነካው? ፋይሉን ከለከለኝ እኮ!"

"ምንም አልነካው። እኔ ነኝ የዘጋሁት" አለ ረጋ ብሎ።

"ምን አድርጌህ?"

"ያለ እኔ መቆምሽን ልይ ብዬ ነው። ካቃተሽ ቦታሽ እኔ ጋ አለ፣ እታለም።"

ስልኩ ተዘጋ። ጠላት ቢያደርገው ታግላ ትረሳው ነበር።

ሐኪሟ ገብታ ስክሪኑን አየችና ከንፈሯን መጠጠች። "አይዞሽ። ወንድምሽ ትናንት ደውሎ 'ገና ልጅ ናት፣ ቢበላሽባት አይፍረዱባት' ብሎኛል። እንዴት ያለ አሳቢ ወንድም ነው ያለሽ!"

"አዎ፣ ያስብልኛል" አለች፤ ድምፁ ከራሷ ጉሮሮ የወጣ አልመሰላትም። ከዚያ ወንበር ስባ ለሐኪሟ አቀረበችላት፣ የጥሪውን መስመር አጠፋችና፣ እንባዋ እየቀደማት የመጀመሪያውን ቀለም እዚያው ገጹ ውስጥ እንደ አዲስ መጻፍ ጀመረች።