የተዘቀዘቀው ዱላ

ጋሽ ቀስታ ያን ቀን ጠዋት ከሰው ጋር የተነጋገሩት አንዴ ብቻ ነው። ለባለሱቁ "ሁለት ዳቦ" አሉት፤ እሱም "ሁለት" ብሎ ሰጣቸው። በቃ፣ ይኸው ነው። ሚስታቸው ካረፉ አራት ዓመት ሆኗል። ልጅ አልወለዱም። አንዳንዴ ድምፃቸው መኖሩን ለማረጋገጥ ያህል ራዲዮኑን "ዋሸህ!" ይሉታል።

ቀስታ የወጣላቸው ስም ነው። ጎልፍ ሲጫወቱ ሦስት ጊዜ ተንፍሰው፣ ሣሩን ዳብሰው፣ ሰማዩን ቃኝተው ነበር ኳሷን የሚመቱት። ጓደኞቻቸው "እሱ እስኪመታ ቤት ደርሰን እንመለስ" እያሉ ይስቁባቸው ነበር። ስሙ ተጣብቆባቸው ቀረ፤ የክለቡ መዝገብ ላይ ሳይቀር የሰፈረው እሱው ነው።

ማስታወቂያውን ያዩት ከሦስት ቀን በፊት የአውቶቡስ ፌርማታው ላይ ነበር። "የቀዳሚዎቹ ቀን" ይላል። "ጎልፍን ለጀመሩልን ስምንት ሰዎች መታሰቢያ የሚሆን የበጎ አድራጎት ውድድር። ገቢው ለሆስፒታሉ የኩላሊት ማጠቢያ ማሽን።" ስምንቱ ማለት እሳቸውና ሰባት ጓደኞቻቸው ናቸው። ያን ሜዳ ቁጥቋጦውን በገጀራ መንጥረው፣ ድንጋዩን በእጃቸው ለቅመው የሠሩት እነሱ ናቸው። ሰባቱ አንድ በአንድ አልፈዋል። "ቤት ስለቀየርኩ፣ ስልኬም ስለተለወጠ ነው ያልጠሩኝ" ብለው ራሳቸውን አጽናኑ። የሚፈልጉት ሽልማት አልነበረም። አንድ ሰው አይቷቸው "ውይ፣ ጋሽ ቀስታ! አሉ እንዴ?" እንዲላቸው ብቻ ነው።

ኮታቸውን ተኩሰው፣ ጫማቸውን ወልውለው ሄዱ። በር ላይ ዘበኛው "ተመልካች ነዎት?" አላቸው። አፋቸው ላይ የመጣው ሌላ ነበር፤ ነገር ግን ከኋላቸው ሰው ተሰልፏል።

"አዎ" አሉ።

መጀመሪያ የገቡት አዳራሹ ውስጥ ነው። የስምንቱ የጎልፍ ዱላዎች ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። ደንቡን ያወጡት ራሳቸው ስምንቱ ናቸው፦ ባለቤቱ በሕይወት እስካለ የዱላው ራስ ወደ ላይ ይሆናል፤ ሲሞት ይዘቀዘቃል። ጋሽ ቀስታ ቀና ብለው አዩ። ስምንቱም ተዘቅዝቀዋል።

ግድግዳው አዲስ ቀለም ይሸታል። ነገሩ ወዲያው ገባቸው። ቀለም ቀቢው ዱላዎቹን አውርዶ ሲመልስ፣ አንዷ ብቻዋን ቀና ማለቷ አላምር ብሎት አስተካክሏታል። "ሙያተኛ ነው፤ ነገር ማዛነፍ አይወድም" አሉ በሆዳቸው። ሊያቀኗት እጃቸውን ሰደዱ፤ አልደረሱባትም። ወንበር ፈለጉ፤ ወንበሩ ሁሉ ወደ ሜዳ ወጥቷል። ለሰው ልንገር ብለው ወጡ። ደጅ ግን ሁሉም ይጣደፋል፤ የሚያውቁት ፊት አንድም የለም። ከኋላ አንድ ባዶ ወንበር አግኝተው ተቀመጡ።

ሊቀመንበሩ ከረባቱ ያነቀው የሚመስል ወጣት ነው። ድምፅ ማጉያውን ይዞ "አሁን በሕይወት የሌሉትን ስምንት ቀዳሚዎቻችንን በሕሊና ጸሎት እናስባለን" አለና መጥራት ጀመረ። መካኒኩ። ልብስ ሰፊው። ወንድማማቾቹ አናጺዎች። እያለ፣ እያለ መጨረሻ ላይ "ቀስታ" አለ።

ሰው ሁሉ ተነሣ። ጋሽ ቀስታም ተነሡ፤ ምን ያድርጉ? አንገታቸውን ደፉ። ለሰባቱ ከልባቸው አዘኑ። ስምንተኛው ላይ ሲደርሱ ግን ምን ማሰብ እንዳለባቸው ጠፋቸው። ቀስ ብለው ጣታቸውን አወጡ።

"እጅዎን ያውርዱ እንጂ አባት" አላቸው ከጎናቸው የቆመ ሰው በሹክሹክታ። "ጸሎት ላይ ነን እኮ!"

አወረዱ።

ከዚያ ስምንት ተጫዋቾች የቀዳሚዎቹን ስም ደረታቸው ላይ ለጥፈው ወጡ። ሰባቱ የልጅ ልጆች ናቸው፤ ቦርሳቸውን ዘመድ ተሸክሞላቸው፣ እየተሳሳቁ ሄዱ። "ቀስታ" የሚለውን የለጠፈችው ከሆስፒታሉ የመጣች ነርስ ናት። ቦርሳዋን እየጎተተች "የሚያግዘኝ አንድ ሰው ይጥፋ?" ስትል ጋሽ ቀስታ እግራቸው ቀድሟቸው ደረሰ።

"ኧረ ይከብድዎታል አባቴ!"

"ግዴለም። የእኔ ነው… ማለቴ፣ ቦርሳ መሸከም ለምጃለሁ።"

ነርሷ ወሬኛ ናት። ዱላ ከያዘች ገና ሁለት ሳምንቷ እንደሆነ ነገረቻቸው። "እኚህ ሰውዬ ለእኔ የደረሱኝ የሚወስዳቸው ጠፍቶ ነው። ዘመድ አልነበራቸውም አሉ። ያውቋቸው ነበር?"

"ትንሽ ትንሽ።"

"ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?"

ጋሽ ቀስታ አሰቡ። "ሚስቱን ይወድ ነበር።"

"ሌላስ?"

"ሌላማ… ዓይን አፋር ነበር። ብዙም አይናገርም ነበር።" 'ነበር' ባሉ ቁጥር ቦርሳውን ወደ ሌላው ትከሻቸው ያዛውራሉ። አሁን ልንገራት ይሉና፣ ደረቷ ላይ የተለጠፈውን ስማቸውን ሲያዩ ልብሷን የሚያስወልቋት ይመስላቸዋል።

አምስተኛው ጉድጓድ ጋ ኳሷ አሸዋ ውስጥ ገባች። ነርሷ አራት ጊዜ መታች፤ አራት ጊዜ አሸዋ ብቻ ተበተነ።

"እጅሽን ላላ አድርጊው ልጄ" አሏት። "ዱላ ነው እንጂ እባብ አይደለም፤ አይነድፍሽም። ተንፍሺ። አሁንም ተንፍሺ።"

የመካኒኩ የልጅ ልጅ ከወዲያ ሆኖ ጮኸ፦ "እህቴ፣ ስማቸውን ያዢ ተባልሽ እንጂ እንደሳቸው ተንቀርፈፊ ማን አለሽ?"

ሁሉም ሳቀ። ጋሽ ቀስታም ሳቁ፤ ሳቃቸው ጆሯቸው ውስጥ እንግዳ ሆነባቸው። አያቱ መካኒኩ ራሱ የተናገረ ነው የመሰላቸው። ነርሷ መታች፤ ኳሷ ወጣች።

ውድድሩ አልቆ ነርሷ ስምንተኛ ወጣች። የውጤት ካርዷን አየችና "እዚህ ታች የቀዳሚው ቤተሰብ ይፈርማል ይላል። አውቃቸዋለሁ ብለዋል አይደል? እርስዎ ይፈርሙልኛ!" ብላ እስክሪብቶ ሰጠቻቸው።

ጋሽ ቀስታ ካርዱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጻፉ። አየችው።

"አይ አባቴ፣ የእሳቸው ስም ከላይ አለ። የእርስዎን ነው ያልኩት።"

"የእኔ ነው" አሉ።

ነርሷ ደረቷን አየች፤ ፊታቸውን አየች። ከዚያ የእጃቸውን አንጓ ይዛ፣ ሰዓቷን እያየች የልብ ምታቸውን ቆጠረች። ልማድ ሆኖባት ነው። "ሰባ ሁለት" አለች በመጨረሻ። "ከእኔ ይሻላሉ እኮ! ምነው ዝም አሉኝ?"

"ጸሎት ላይ ነን ተባልኩ።"

ሊቀመንበሩን ጠርታ መጣች። ላብ አጠመቀው። "ጋሼ፣ ዱላዎ ተዘቅዝቆ እኮ ነው!" አለ፤ ጥፋቱ የእሳቸው ይመስል። "ይቅርታ፣ አሁኑኑ እናስተካክላለን!" ዞር ሲል ድምፅ ማጉያው መኪና ላይ ተጭኗል። እጆቹን አፉ ዙሪያ አድርጎ ጮኸ፦ "ጋሽ ቀስታ በሕይወት አሉ!"

ሰዉ ወደየመኪናው ሄዷል። ወንበር የምታጣጥፍ አንዲት ሴት ብቻ ቀና አለች።

"ማን?"

"ቀስታ!"

"እሰይ፣ ተመስገን ነው" ብላ ማጣጠፏን ቀጠለች።

ሊቀመንበሩ መሰላል ሊያመጣ ሮጠ። ጋሽ ቀስታ ባዶውን ሜዳ አዩ። "አሉ እንዴ?" ብለው የሚደሰቱት ሰዎች እነማን እንደነበሩ አሁን ነው የገባቸው። ጠዋት የተጠሩት ሰባቱ ናቸው። ለሌላው መኖራቸውም መሞታቸውም ያው ወሬ ነው። ኮታቸውን ቆለፉ።

ነርሷ አልሄደችም። ዱላዋን እንደያዘች አሸዋው ጋ ቆማለች።

"ጋሼ፣ አምስተኛው ጋ ምን ነበር ያጠፋሁት?"

"ትከሻሽ" አሉ። "ቀድሞሽ ይዞራል።"

"ያሳዩኛ!"

ዱላውን ተቀበሏት። ስለ ትከሻ ነገሯት፤ ከዚያ ስለ ልብስ ሰፊው ትከሻ፤ እሱ አንዴ መትቶ ዱላውን ዛፍ ላይ እንደሰቀለው፤ አናጺዎቹ ሊያወርዱ ወጥተው እነሱም መውረድ እንዳቃታቸው። ነርሷ አሸዋው ዳር ቁጭ ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። አራት ዓመት ሙሉ የተጠራቀመ ወሬ ነው፤ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ይወጣል።

ሣር የሚያጠጣው ሠራተኛ ከቧንቧው ጋ ተጣራ፦ "ውሃ ልለቅ ነው፣ ውጡ! ሁሉም ሄዷል እኮ!"

"ቆይ!" አሉት ጋሽ ቀስታ፣ ሜዳውን በሚያሻግር ድምፅ። "እየተጫወትን ነው!"