የግራው እጅጌ

ሐኪሙ የግፊት መለኪያውን ከክንዷ ላይ እየፈታ፣ «እጅሽን የሚይዝ፣ አሳብሽን የሚለቅ ነገር ፈልጊ» አላት። እሷም ወደ ቤቷ ስትመለስ ክርና የሹራብ መርፌ ገዝታ ገባች። ባሏ ግራጫውን ክር ሲያይ የማን ሹራብ እንደሚሆን አልጠየቀም፤ ደረቱን ነፋ አድርጎ ለልክ ቆመ።

በውሃ መሥሪያ ቤቱ የቅሬታ ስልክ ክፍል ኃላፊ ናት። ቀኑን ሙሉ ጆሮዋ ላይ የሚጮኸው ጥያቄ አንድ ነው፤ «መቼ ነው የሚያልቀው?» የቧንቧው ጥገና መቼ ያልቃል፣ ቁፋሮው መቼ ያልቃል። መልሱን ከእግዜር በቀር የሚያውቅ የለም፤ እሷ ግን ድምጿን አለስልሳ «ቅሬታዎ ደርሶናል፤ በትዕግሥት ይጠብቁን» ትላለች። አንዳንዱ በምላሹ እናት አባቷን አንስቶ ይሰድባታል። እዚያ ካፍ የወጣ ቃል አይመለስም፤ «ነገ ይመጣል» ያለች ዕለት ነገ ራሱ ስልክ ይደውልባታል።

ሹራቡ ግን ይመለሳል! ይህን ያወቀችው ጀርባውን፣ ደረቱንና የቀኙን እጅጌ ጨርሳ የግራው ላይ ስትደርስ ነው። ክርኑ አካባቢ አንድ ረድፍ ተዛነፈባት፤ ክሩን ሳብ ስታደርገው ስህተቱ እልም አለ። ጠያቂ የለ፣ ተቆጪ የለ። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። በማግስቱ ምንም ሳይዛነፍ ተረተረችው። ከዚያ ወዲህ የግራው እጅጌ ከክርን በታች ወርዶ አያውቅም፤ ማታ ማታ ትሠራዋለች፣ ትተረትረዋለች፣ ክሩን ጠቅልላ ለጥ ብላ ትተኛለች። ግፊቷም ወረደ። ባሏ መቼ ያልቃል ሲላት «እየደረሰ ነው» ትለዋለች፤ ሥራዋ አስተምሯታል።

ባሏ ደግሞ ሰፈሩ «አቶ ጨርስ» የሚለው ሰው ነው። ሌላው የጀመረውን ወሬ ይጨርሳል፤ ጎረቤት አጥሩን ቀለም ቀብቶ ግማሹን ከተወ ብሩሽ ይዞ የሚሄደው እሱ ነው። አንድ ምሽት ገርበብ ባለው በር ስትተረትር አያትና አዘነላት። «አልቻለችም» አለ በሆዱ። «ኩራቷ ነው እንጂ፣ ምስኪን፣ እርዱኝ አትልም።»

ቅዳሜ ተረኛ ነበረች። ስትመለስ በሩን የከፈተላት ግራጫ ሹራብ የለበሰ ባል ነው።

«እህቴ ጨረሰችልሽ!» አለ ሁለት እጁን ዘርግቶ። «አየሽ የግራውን? ከቀኙ አይለይም። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆኖብሽ ስትቸገሪ ዝም ብዬ ልይ እንዴ? አሁን የልጆቹን ትጀምሪያለሽ፤ ብርዱ ሳይገባ ይደርሳል። የእህቴም ባል ካየው በኋላ...»

«አማረው» ብላ እሷ ጨረሰችለት።

ቦርሳዋን እንደያዘች ቆመች። ተዘረፍኩ አለች በሆዷ፤ ሌባው ደግሞ ፊት ለፊቷ እንደ ሙሽራ ይሽኮረመማል። ልትጮህ አፏን ከፈተች። ግን ሹራቡ እንዴት ልክክ እንዳለለት፣ ፊቱም እንዴት እንደበራ አየች። እንዲህ ያለውን ሰው በምን አንጀቷ ትቆጣዋለች?

«ና እስኪ፣ ቁጭ በል» አለችው። «እጅህን ስጠኝ። የግራውን።»

ልታመሰግነው መስሎት እጁን ጭኗ ላይ ጣል አደረገ። እሷ የእጅጌውን ጫፍ ገልበጥ አድርጋ የክሩን ቋጠሮ ፈለገች፣ በጥፍሯ ፈታችው፣ ሳበች። አንድ ረድፍ ሄደ። ሌላው ተከተለው። ትከሻዋ ረገብ አለ፤ ጠዋት ከቤት ከወጣች ጀምሮ የያዘችውን ትንፋሽ ለቀቀችው።

«ኧረ አንቺ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«እያረፍኩ።»

አቶ ጨርስ ተርበተበተ። የእጁ አንጓ ተራቁቷል፣ ትርተራው ወደ ክርኑ እየገሰገሰ ነው። እጁን ግን አልነጠቃትም፤ ፊቷ እንዲህ ሲፈታ ካየ ቆይቷል።

«እና... የኔ ሹራብ መቼ ነው የሚያልቀው?»

ክሩን እየጠቀለለች፣ በዚያ በለስላሳው የመሥሪያ ቤት ድምጿ መለሰችለት።

«ቅሬታዎ ደርሶናል፤ በትዕግሥት ይጠብቁን።»