በመረቡ ላይ የፈካው ሐረግ

ግንቦት ላይ አጎቱ አንዋር ደረታቸውን ታመው ሲተኙ፣ ሳሊህ የዓሣ መረባቸውን ከታንኳው አውርዶ ጓዳ አስገባው። ሰኔ ገብቶም አልተነሡም።

በዚያው ሰሞን ጎረቤታቸው ወይዘሮ አገርነሽ፣ ባሕር ዳር ኮሌጅ የሚያስተምሩት፣ ጥቂት ጥቁር ፍሬዎች ሰጡት።

«የሐረግ ዘር ነው። ጠዋት ሰማያዊ አበባ ያወጣል፣ ፀሐይ ሲበረታ ይከደናል። ዓመት አይሻገርም፤ በየክረምቱ መዝራት ነው። ልጣጩ ጠንካራ ስለሆነ ድንጋይ ላይ ፈተግ ፈተግ አድርገህ፣ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈህ አሳድረው። የሚወጣበት ነገር ካጣ ግን መሬት ላይ ተዝረክርኮ ይቀራል።»

ሳሊህ እንደተባለው አድርጎ በአጥሩ ሥር ዘራው። ሐረጉ በቅሎ መያዣ ሲፈልግ ግን ሽቦ አልነበረውም። መረቡ ትዝ አለው። ጓዳው በር ላይ ቆሞ የአጎቱን ሳል አዳመጠ። ከእንግዲህ ሐይቅ አይወርዱም ሲል በልቡ ወሰነ። መረቡን አውጥቶ አጥሩ ላይ ወጠረው። ማንንም አልጠየቀም።

ነሐሴ ሲያልቅ አጥሩ ሰማያዊ ሆነ። መንገደኛው እየቆመ ያየው ጀመር። ሳሊህ ከሰው ጋር ማውራት ያፍር ስለነበር፣ አበባው ስለ እሱ የሚናገርለት ይመስለው ነበር።

መስከረም በጠባ በሳምንቱ፣ አንድ ማለዳ አንዋር ምርኩዝ ይዘው ወደ ደጅ ወጡ። ከስተዋል፤ ሳሉ ግን ለቋቸዋል።

«ሳሊህ፣ መረቤን አምጣልኝ። ነገ ሐይቅ እወርዳለሁ።»

የሳሊህ ዓይን ወደ አጥሩ ሄደ፤ የአጎቱም ዓይን ተከተለው። አንዋር ቀረብ ብለው ቅጠሉን ገለጡና ራሳቸው የቋጠሩትን ቋጠሮ በጣታቸው ዳሰሱ።

«ለካ በቁሜ ወርሰኸኛል!»

«አጎቴ… የሚነሡ አልመሰለኝም።»

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ መመለስ አልቻለም።

«እኔም አልመሰለኝም ነበር» አሉ አንዋር። «አንተ ግን ትጠብቀኛለህ ብዬ ነበር።»

ሳሊህ ቢላ አምጥቶ ሐረጉን ከሥሩ ቆረጠ። ቀንበጡ ሁሉ ክሩ ላይ ተጠምጥሞ ስለነበር አንድ በአንድ ወደ ኋላ እያዞረ መፍታት ያዘ። አንዋር ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ «ቀስ! እንዳትበጥሰው!» ይሉታል።

ወይዘሮ አገርነሽ ወደ ሥራ ሲያልፉ ደንግጠው ቆሙ። «ውይ ሳሊህ! እንዲህ አምሮ ሳለ ለምን ትነቅለዋለህ?»

ሳሊህ አቀረቀረ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ አንዋር፤ «ሳያስበው ተነሣሁበት።»

ወይዘሮዋ ሳቁ። ሳሊህ ግን አጎቱ በምርኩዙ ቢመቱት በወደደ ነበር።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ሁለቱም ታንኳው ላይ ነበሩ። አንዋር መረቡን ሲዘረጉ፣ ሳይታይ የቀረ አንድ ቀንበጥ ክሩን እንዳቀፈ ወጣ፤ ጫፉ ላይ አበባ ፈክቷል። አንዋር አዩት። መረቡን ከነአበባው ወደ ውኃው ጣሉት። ሳሊህ ፊቱን ወደ ሌላ መልሶ መቅዘፉን ቀጠለ።