ተራራው በስም ይጠራል

ልብስ ሰፊዋ ወንድሟን በቅጽል ስሙ ጠርታው አታውቅም። ተራራው ላይ አውሬና ወፍ ለሚያዩ እንግዶች ጓዝ የሚሸከሙ ባልደረቦቹ ዛፍ አወጣጡን አይተው "ጉሬዛ" ይሉታል። እሷ ግን እናታችን ያወጣችልህ ስም ምን ጎደለው፣ ሰው በአውሬ ስም አቤት ይላል ወይ እያለች ትቆጣው ነበር። እሱ ይስቃል።

"እታለም፣ ስሜ ጭቃ እንዳይነካው እቤት ትቼው ነው የምወጣው።"

አንድ ቀን እንግዶቹን አድርሶ ብቻውን ሲመለስ ጉም ዋጠው። በማግስቱም ሳይመጣ ሲቀር መቀሷን ከጨርቁ ላይ ጥላ፣ ከተሸካሚዎቹ ሽማግሌ መንገድ መሪ ጋር ልትፈልገው ወጣች።

ሽማግሌው ጫካው ዳር አቁሞ አስጠነቀቃት። ይህ ተራራ የጠፋን ሰው በስሙ፣ ያውም በቤተሰቡ ድምፅ ይጠራዋል፤ አቤት ያለ አይመለስም። ተሸካሚ ሁሉ ጓዝ ማሰር ከመልመዱ በፊት ይህን ይማራል። ቅጽል ስምን ግን ተራራው አያውቀውም።

"እህቱ ነኝ ብለሽ እንዳትሳሳቺ፣ ልጄ። እዚህ ጉሬዛ ነው።"

እሺ አለች።

ዝሆን የረገጠው ጉድጓድ ሁሉ ውሃ አቁሯል። ሽማግሌው እየቆመ "ጉሬዛ!" ባለ ቁጥር እውነተኞቹ ጉሬዛዎች ከዛፍ ላይ ያጓራሉ። አንዱን ስንጠራ አገር ሁሉ አቤት አለን ብሎ ሲቀልድ እሷም ፈገግ አለች።

ከሰዓት በኋላ ገደል ጫፍ ላይ አንድ እግር ጫማ አገኙ። የእሱ ነበር። ያኔ እሺታዋም ማስጠንቀቂያውም ከልቧ ጠፋ። ትንሽ ልጅ ሳለ ከጨዋታ ለምሳ እንደምትጠራው፣ ያንኑ ስም እያቆላመጠች ደጋግማ ተጣራች። ሽማግሌው ሮጦ መጥቶ አፏን በመዳፉ ከደነ።

ገደሉ ስሙን መልሶ ሰጣት። ሌላ የመለሰ የለም። ቀጥላ ድምፅዋ እስኪዘጋ "ጉሬዛ! ጉሬዛ!" አለች። ጉሙ እየወፈረ እጃቸውን እንኳ ማየት ሲያቅታቸው፣ ሽማግሌው እየጎተተ ወደ ተሸካሚዎቹ ጎጆ መለሳት።

ጠዋት ጉሙ ሲገለጥ፣ ትናንት ከቆሙበት ገደል ሥር፣ ድንጋይ ተደግፎ አገኙት። እግሩ ተሰብሯል። የገደለው ግን የሌሊቱ ብርድ ነው፤ ከሞተ ብዙ አልቆየም፣ ጣቶቹ ገና አልደረቁም።

እሷ መጀመሪያ ያየችው ጃኬቱን ነው። ብርድ እንዳያገኘው ብላ ጥጥ ሞልታ በድርብ ስፌት የሰፋችው ነበር። ገበሩ በጥርስ ተቀዷል። የወጣው ጥጥ በሁለቱም ጆሮዎቹ ተጠቅጥቋል።

"ሰምቶኛል" አለች።

"ለብርዱ ይሆናል፣ ልጄ" አለ ሽማግሌው። ዓይኗን ግን አላያትም።

ተንበርክካ ጥጡን ቀስ ብላ ከጆሮው አወጣች። አፏን አስጠግታ ልትጠራው ፈለገች፤ በየትኛው ስም እንደምትጠራው ጠፋት።