ባዶ የቀሩት መስመሮች

ታፔላ ጻፊው እጁ የማይስት ሰው ነበር። ሰፈሩ እንደዚያ ያምናል፤ እሱም አላስተባበለም። ነጭ የተቀባውን ቆርቆሮ ግድግዳ ላይ ያስደግፍና ብሩሹን ይዞ ፊት ለፊቱ ይቆማል። ግማሽ ሰዓት ሊቆም ይችላል። ፊደሎቹን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይኑ ደርድሮ ሳይጨርስ ቀለም አያስነካም።

«ቆርቆሮ ላይ ስርዝ የለም» ይላል። ለሚስቱም፣ ለደንበኛውም፣ ለልጁም የሚለው ይህንኑ ነው።

ልጁ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ሰፈሩ የሚጠራት «ዶክተር» እያለ ነው። ስሙን ያወጣላት አባቷ ሲሆን፣ ያኔ ገና የወተት ጥርሷን እንኳ አልነቀለችም ነበር። ጎረቤቷ ዳቦ ጋጋሪዋ ባየቻት ቁጥር፣ «ዶክተርዬ፣ ይቺን ጉልበቴን ሳታዪልኝ ልታልፊ ነው?» ትላታለች። ልጅቷ ትስቃለች። ሆዷ ግን አይስቅም።

የምትተኛው የአባቷ ሥራ በሚደርቅበት ክፍል ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ ያላለቁት ቃላት ግድግዳው ላይ ይበራሉ። አንዱ «ፀጉ» ላይ ቆሟል፤ ሌላው «መድ» ብሎ ቀርቷል። የቀለሙ ሽታ ራሷን ቅልል ያደርጋታል። አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ ስታያቸው፣ የቀሩት ፊደላት ከቆርቆሮው ጀርባ ተራ ይዘው ቀስ ብለው የሚያስሉ ይመስላታል።

አባቷ አይቆጣም፤ እጁንም አያነሣባትም። ደብተሯን ይገልጣል። አንዲት ስርዝ ካየ፣ «አይ ዶክተር» ይልና ገጿን ቀስ ብሎ ይቀድዳል። ቅዳጁ እንኳ ቀጥ ያለ ነው። እሷም በአዲስ ገጽ ላይ ከላይ ጀምራ ትገለብጣለች።

በዚያ ዓመት የሳይንስ ፈተና ላይ አንድ ነገር መጣባት። ጥያቄውን አነበበች። መልሱን የምታውቀው መሰላት። «መሰላት» ማለት ግን አይበቃም። እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ አንድ ጣት ከፍ አድርጋ ያዘች። መስመሩ ነጣ፤ እየነጣም ሰፋ። ጉም እንደወረደበት ሜዳ ሆነ። እሷም መሐሉ ላይ ቆማ ነበር፤ አይበርዳትም፣ አይሞቃትም። መልሱ ራቅ ብሎ ሲሄድ ታየዋለች። ብትጠራው ይዞርላታል። አልጠራችውም። ደወል ሲደወል ደንግጣ ነቃች።

አስተማሪዋ አባቷን አስጠራችው። ልጅቷ በሩ አጠገብ ቆማ ሰማች።

«እንዲህ ያለ ጽሕፈት እዚህ ትምህርት ቤት አይቼ አላውቅም» አለች አስተማሪዋ። «ከሃያው ጥያቄ ሰባቱን ጽፋለች። ሰባቱም ልክ ናቸው።»

«የቀሩትስ?»

«የቀሩትማ ይኸውልዎ፣ ነጭ ናቸው። ከነገ ወዲያ ሌላ ፈተና እሰጣታለሁ። ያንንም እንዲህ ካመጣችልኝ ክፍሉን ትደግማለች። ከእኔ እጅ ወጥቷል።»

አባቷ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ቤት ሲደርስ ቀለም እያማሰለ፣ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ ባዶ የቀሩትን አሥራ ሦስት ጥያቄዎች በቃል ጠየቃት። እሷ መስኮት መስኮቱን እያየች መለሰች። እሱ ልክነቱን ከመጽሐፏ እያመሳከረ ቆጠረ። አሥራ አንዱን መልሳለች።

«ታዲያ ምን ያዘሽ?»

«እርግጠኛ አልነበርኩማ አባዬ።»

«አሁንስ እርግጠኛ ነሽ?»

«አይ። አሁን ግን አየር ላይ ነው የምናገረው። አየር አይበላሽም።»

የሚያማስልበት እንጨት ቆመ። እናቷ ከጓዳ ብቅ አለች። «ሰማህ? የሠራኸውን ስማ እንግዲህ» አለችው።

«አንቺ ደሞ አትጨምሪብኝ።»

«አልጨመርኩም። ትነግራታለህ ወይስ እኔው ልንገራት?»

ሰውዬው አንገቱን አከከ። ከዚያ ተነሥቶ ልጅቷን በእጇ ይዞ ጥግ ወደተደገፈው ነጭ ቆርቆሮ ወሰዳት። ምንም አልተጻፈበትም። ጣቷን አስነካው።

«በቀስታ ጎትቺው።»

ጎተተችው። ለስላሳ ነበር። ከዚያ እብጠት አገኘች፤ ቀጭን፣ ጥምዝ፣ ከነጩ ቀለም ሥር። ተከተለችው። ፊደል ነው። ከጎኑ ሌላ፣ ከላዩ ደግሞ ሌላ። ዓይኗን ጨፈነች። ቆርቆሮው በሙሉ የተቀበሩ ፊደላት ነበር፤ የተጣመሙ፣ ቦታ አጥተው የተፋፈጉ፣ ጀምረው የተተዉ።

«ምንድነው ይሄ?»

«የኔ ነው። የተበላሸብኝ።»

«ሁሉም?»

«ሌሎቹንም ብትዳስሻቸው አታጪባቸውም።»

«አይቼህ አላውቅም እኮ!»

«አንቺ ትምህርት ቤት ስትሄጂ ነው የማጠፋው» አለ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ። «እንድታዪብኝ አልፈለግኩም።»

እናቷ ከጓዳ፣ «ደንበኛ ቢያይ አይገደውም፤ እሷን ነው የሚፈራው» ብላ ሳቀች። ማንም አብሯት አልሳቀም።

በፈተናው ቀን መስመሩ እንደገና ነጣ። እንደገና ሰፋ። ልጅቷ ሜዳው መሐል ገባች። አሁን ግን መሬቱ ከእግሯ ሥር ሸካራ ነበር፤ ስንት ሰው ስቶ ያለፈበት መሬት ነው። መልሱ ራቅ ብሎ ሲሄድ አየችውና ጠራችው። ሲዞር የጠበቀችው አልነበረም። ሠረዘችውና ሌላውን ጠራች። ገጹ ተዥጎረጎረ። ደወሉ ሲደወል መጨረሻው መስመር ላይ ነበረች።

ወረቀቱ ሲመለስ አባቷ በር ላይ ተቀበላት። ባዶ መስመር አልነበረም። ከሃያው አሥራ ሰባቱ ልክ ናቸው፤ ክፍሉን አልፋለች። ዓይኑ ግን ስርዞቹ ላይ ቀረ። ጣቱ የወረቀቱን ጠርዝ ያዘ፤ ለቀቀ። ከንፈሩ ተከፈተ፤ «አይ» የምትለዋ እስከ ጥርሱ መጥታ ተመለሰች። ያም ሆኖ ጨርሶ መተው አልቻለም።

«ሦስቱን ለምን ሳትሻቸው?»

«ስለጻፍኳቸው» አለች።

አባቷ ወረቀቱን ሳይቀድ አጥፎ ሰጣት። ዳቦ ጋጋሪዋ በአጠገባቸው ስታልፍ ጉልበቷን ይዛ፣ «ዶክተርዬ፣ ይቺ ጉልበቴ ምን ሆና ይሆን?» ብላ ተጣራች።

«ዛሬ አላውቅም፣ እትዬ» አለቻት ልጅቷ፤ ወደ ቤት ገብታም ጫማዋን አወለቀች።